እትዬ ጡረታ ከመውጣታቸው በፊት

ለዩኒቨርሲቲያችን አስተዳደር፣ ለሥነ ጥበብ ትምህርት ክፍል፣ ለንብረት አስተዳደር፤ እንዲሁም በዚህ ግቢ ተምራችሁ ሥዕላችሁን ትታችሁ ለሄዳችሁ ሁሉ

እንደምን ከረማችሁ?

የአራተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። የምማረው ታሪክና ቅርስ አስተዳደር ነው። ያለፈውን ክረምት፣ ከሐምሌ መጀመሪያ እስከ ጳጉሜ፣ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር በዩኒቨርሲቲው የሥነ ጥበብ ጋለሪ ዕቃ ቤት ስሠራ ከረምኩ። የዩኒቨርሲቲውን ስም እዚህ አልጽፍም። ማንንም ለማሳጣት አይደለም የምጽፈው። ጎጃም ውስጥ ነው። የሚመለከታችሁ ሰዎች ገና ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ታውቁታላችሁ።

የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው፤ እሱን አስቀድሜ ልናገር። የጋለሪው ዕቃ ቤት ኃላፊ፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው እናት፣ በታኅሣሥ መጨረሻ ጡረታ ይወጣሉ። ከመውጣታቸው በፊት ሥዕሎቹን አንድ በአንድ ቆጥሮ፣ የእያንዳንዱን ታሪክ እየጠየቀ የሚረከባቸው አንድ ቋሚ ሰው መድቡልን። ታኅሣሥ ሲደርስ አይደለም። አሁን፣ ጥቅምት ላይ።

ለምን እንደዚህ እንዳጣደፈኝ ልንገራችሁ።

ሥራውን ያገኘሁት ከማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ነው። «በክረምት የጋለሪ ዕቃ የሚያደራጁ ሦስት ተማሪዎች ይፈለጋሉ» ይላል። አበሉ ትንሽ ነው፤ ለምግብና ለቤት ኪራይ ተብቃቅቶ ይደርሳል። ቤት ስደውል አባቴ «ምን ሥራ ነው?» አለኝ። «ሥዕል እንመዘግባለን» አልኩት። ትንሽ ዝም አለና «ሰው ሁሉ እርሻ ላይ ነው፣ አንቺ ሥዕል ትቆጥሪያለሽ?» አለ። አልተቀየምኩትም። ሐምሌ ነው፣ ጤፍ ይዘራል፣ በቆሎ ይኮተኮታል፣ ቤት ውስጥ እጅ ያስፈልጋል። ያለንበት ጊዜም ከባድ ነው። መንገድ በሚዘጋበት፣ ሰው ነገ ምን እንደሚመጣ በማያውቅበት ዘመን ስለ ሥዕል ማውራት ለብዙ ሰው ቅንጦት ይመስላል። እኔም መጀመሪያ ላይ እንደዚያ ተሰምቶኝ ነበር። አሁን ግን ሐሳቤ ተቀይሯል። ነገር የሚጠፋው እንዲህ ባለው ጊዜ ነው። ምን እንደነበረሽ ካልጻፍሽው ደግሞ ሲጠፋ «ጠፋብኝ» ብለሽ ለመጠየቅ እንኳ መነሻ የለሽም።

የመጀመሪያው ቀን እትዬ ቁልፉን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው መጡ። በሩ በእርጥበት አብጦ ስለነበር በትከሻ ገፍተን ከፈትነው። ቀድሞ የተቀበለን ሽታው ነው። ክረምቱን ሙሉ ተዘግቶ የቆየ ጎተራ ሲከፈት የሚሸተውን ታውቃላችሁ፤ ልክ እንደዚያ። ሥዕሎቹ መሬት ላይ ቆመው ግድግዳ ተደግፈዋል። አንዱ በአንዱ ላይ ነው የተደራረቡት፤ የአንዳንዱ ፊት ከሌላው ጀርባ ሚስማር ጋር ይፋተጋል። መሶብና አገልግል በማዳበሪያ ታስረዋል። ላሜራ ሼልፉ ላይ የተጠቀለለ ሸራ አለ። ጥጉን የያዙት የተሰበሩ ወንበሮች፣ የድሮ ምርቃት ባነሮች እና የማይሠራ የፎቶ ኮፒ ማሽን ናቸው። ጣራው ቆርቆሮ ነው፣ ዝናቡ ሲመጣ እርስ በርስ አንሰማማም። ኮርኒሱ ላይ ሻይ የፈሰሰበት የሚመስል ትልቅ ክብ ወጥቷል። ከክቡ ሥር ባልዲ አለ።

ባልዲውን ያስቀመጡት እትዬ ናቸው። በየክረምቱ፣ ጠዋት ጠዋት፣ መጀመሪያ እዚያ ገብተው ውኃውን ደፍተው ነው ወደ ሌላው ሥራቸው የሚሄዱት። ይህን ያዘዛቸው ሰው የለም። «ሥዕሉ ላይ ቢንጠባጠብ ልጆቹ ምን ይሉኛል?» አሉን ስንጠይቃቸው። ልጆቹ የሚሏቸው ሥዕሎቹን የሣሉትን ነው። ብዙዎቹ ዛሬ የልጆች እናትና አባት ሆነዋል።

ሥራውን የሚመሩን መምህር ሥዕል ከመንካታችን በፊት ሁለት ቀን ሙሉ አያያዝ ብቻ አስተማሩን። ሥዕል እንደ ሕፃን ነው የሚያዘው፣ አንድ እጅ ከሥር፣ አንድ እጅ ከጎን። ከላይኛው ክፈፍ ብቻ አንጠልጥሎ መሸከም የለም። ሸራውን በጣት መንካት የለም፣ የእጅ ላብና ቅባት ቀለሙ ላይ ይቀራልና፤ ለዚህ የሐኪም ጓንት አመጡልን። ክፍሉ ውስጥ እስክሪብቶ አይገባም፣ እርሳስ ብቻ። ሻይማ በፍጹም። ስትደረድሩ ፊት ከፊት፣ ጀርባ ከጀርባ፣ ትልቁ ከኋላ፣ በመካከላቸው ካርቶን። ምንም ነገር በቀጥታ መሬት ላይ አይቀመጥም፤ ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል። ዝናብ ከሚመታው የውጭ ግድግዳም ይርቃል። እነዚህ ቀላል ነገሮች ናቸው፣ ብር አይፈልጉም። ከግቢው አናጺ ቤት የወዳደቀ እንጨት ለምነን ርብራብ ሠራን፤ በሦስት ቀን ውስጥ አንድም ሥዕል መሬት ላይ አልቀረም። የሚቆጨኝ ይሄ ነው። ሦስት ቀን ነው የፈጀው።

ቀጥሎ መዝገቡ መጣ።

በእጃችን የነበረው ሰነድ የንብረት ክፍሉ ሞዴል 19 ብቻ ነው። በአንዱ ላይ «ሥዕል ባለ ፍሬም፣ ብዛት 14፣ መልካም ይዞታ» ይላል። ከላዩ «ተጣጣፊ ወንበር፣ ብዛት 30» አለ፣ ከታቹ መጋረጃ። ንብረት ክፍሉን አልወቅስም። ሞዴል 19 የተሠራው ለዚያ ነው፤ ዕቃ ሲገባ በእሱ፣ ሲወጣ በሞዴል 22። ወንበር ከወንበር አይለይም፣ አንዱ ቢጎድል ሌላ ይገዛል። ሥዕል ግን «ብዛት 14» አይባልም። አሥራ አራት ሰው ማለት ነው። አሥራ አራት ሰው ሌሊት ሲሠራ አድሮ፣ ከቤተሰቡ ገንዘብ ለምኖ ቀለም ገዝቶ የሠራው ነው።

ሌላም ነገር አለ፣ ይሄን በቅርብ ስላየሁት ልንገራችሁ። ከሥዕሎቹ አንዱ የመስክ ሥዕል ነው። አደይ የወረሰው ሜዳ፣ ከላይ ጥርት ያለ የመስከረም ሰማይ። ሰማዩ መሀል ላይ ግራጫ ጥላ የመሰለ ነገር አለ። ደመና መስሎን ነበር። መስኮቱ አጠገብ ወስደን ስናየው ቁጥር ነው፤ ያውም ግልባጩ የወጣ። ለካስ የንብረት ቁጥሩ ጀርባው ላይ በወፍራም ማርከር ተጽፎ፣ ቀለሙ ሸራውን ሰርስሮ በዓመታት ፊት ለፊት ወጥቷል። ማንም ክፉ አላሰበም። ቁጥር መስጠት ተገቢ ነው። ግን ቁጥሩ በእርሳስ፣ ሸራው በተወጠረበት እንጨት ላይ ቢጻፍ ኖሮ ያ ሰማይ እስከ ዛሬ ንጹሕ ነበር።

እኛ ቁጥር የሰጠነው እንደዚህ ነው። ለምሳሌ 2009.3.7 ብንል፣ በ2009 ዓ.ም የገባ፣ በዚያ ዓመት ሦስተኛው ርክክብ፣ ከርክክቡ ሰባተኛው ሥራ ማለት ነው። ብዙ የዓለም ሙዚየሞች የሚጠቀሙበት አሠራር ነው። መቼ እንደገባ ያልታወቀውን «ያ» ብለን ጀመርን፤ ያ.1፣ ያ.2 እያልን። ለሸራ ሥዕል እንጨቱ ላይ፣ ለወረቀት ሥራ ከጀርባው ጠርዝ ላይ በለስላሳ እርሳስ፣ ለመሶቡና ለአገልግሉ በጥጥ ክር የታሰረ ትንሽ መለያ። ከዚያ መግለጫው ይሞላል። ሥራው ምንድን ነው፣ ከምን ተሠራ፣ ቁመትና ስፋቱ ስንት ነው፣ ምን ተጽፎበታል፣ ከሌላው የሚለየው ምልክት ምንድን ነው፣ ርዕሱ፣ ምን ያሳያል፣ መቼ ተሠራ፣ ማን ሠራው። ይህ ዝርዝር ኦብጀክት አይዲ ከሚባለው ዓለም አቀፍ መለኪያ የተወሰደ ነው፤ የተሰረቀ ሥራ ድንበር ላይ ወይም ጨረታ ላይ ቢገኝ ፖሊስ የሚጠይቀው እነዚህን ነው። ፎቶውም ከዚያው ጋር ይያያዛል። ፎቶውን ያነሣነው በራሳችን ስልክ ነው፣ ደመና በሆነ ቀን፣ መስኮት አጠገብ፣ ማስመሪያ ከጎኑ አስቀምጠን።

«መልካም ይዞታ» የሚለውን ቃል ከመዝገቡ አወጣነው። በምትኩ ያየነውን ጻፍን። «በግራ ታችኛው ጥግ 3 ሴንቲ ሜትር ስንጥቅ፤ ከላይ በቀኝ በኩል ቀለሙ እየተላጠ ነው፤ ጀርባው ላይ የድሮ ሻጋታ።» የሚቀጥለው ሰው ከአምስት ዓመት በኋላ መጥቶ ስንጥቁ 3 ሴንቲ ሜትር ላይ እንደቆመ ወይም 8 እንደደረሰ የሚያውቀው ይሄ ከተጻፈ ነው።

ዓመተ ምሕረቱ ብዙ አስቸግሮናል። ጀርባው ላይ «98» ብቻ የተጻፈበት ሥዕል አለ። 1998 የእኛ ነው ወይስ የፈረንጅ? በመካከሉ የሰባት ስምንት ዓመት ልዩነት አለ። መምህሩ «ካላወቃችሁ የምትገምቱትን ሳይሆን ያያችሁትን ጻፉ» ስላሉን «98» ብለን ከነጥቅሱ ጻፍነው።

ነሐሴ ላይ አንድ ሌሊት ሲዘንብ አደረ። እናንተም ታስታውሱት ይሆናል፣ መብራትም ጠፍቶ ነበር። ጠዋት ስንገባ በፍየል ቆዳ ላይ ከተሣሉት ሥዕሎች ሁለቱ እንደ ቅጠል ተጠቅልለዋል፤ ቆዳ እርጥበት ይጠጣል፣ ይለጠጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። አንዱ ሸራ ላይ ደግሞ ዱቄት የተነፋበት የሚመስል ነጭ ነገር ወጥቷል። ሻጋታ ነው። እትዬ ደንግጠው «ቶሎ ፀሐይ እናስመታው» አሉ። በርበሬውንም እህሉንም እንደዚያ ነው የምናድነው፣ እኔም ባልማር ኖሮ ይዤው ወደ ግቢ እወጣ ነበር። መምህሩ አስቆሙን። ቀጥተኛ ፀሐይ ቀለሙን ያነጣዋል፣ በድንገት ሲደርቅ ደግሞ ይሰነጣጥቀዋል። ሻጋታውን በእርጥብ ጨርቅ ማበስም ወደ ውስጥ ማስረጽ ነው። ከሌሎቹ ለየነው። ጥላ ውስጥ ነፋስ በሚያልፍበት ኮሪደር ላይ አስተኛነው። ስድስት ቀን ጠበቅን። ሲደርቅ አፍና አፍንጫችንን ሸፍነን በለስላሳ ብሩሽ ከላዩ አራገፍነው። እትዬ ስድስቱንም ቀን አጠገቡ ነበሩ። ፍልሰታ ስለሆነ ጠዋት መጥተው ያዩትና ቅዳሴ ሳይገባ ይሄዳሉ። በአምስተኛው ቀን «ዛሬ ተሻለው» አሉን፣ የታመመ ሰው ጠይቀው እንደወጡ ሁሉ።

ሻጋታ የሚነሣው የክፍሉ እርጥበት ከ65 በመቶ አልፎ ሲቆይ ነው። የእኛ አገር ክረምት ደግሞ የታወቀ ነው። ስለዚህ ይሄ አንድ ቀን የደረሰ አደጋ አይደለም፣ በየዓመቱ የሚመጣ ነው፤ ቀኑም የታወቀ ነው። ኮርኒሱ ሳይሠራ ሌላ ሐምሌ ከመጣ እኔ የመዘገብኩት ስንጥቅና ሻጋታ ሌላ ገጽ ይጨመርበታል ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ።

በጠቅላላው 263 ሥራ መዘገብን። ከእነዚህ ውስጥ 97ቱ ማን እንደሠራቸው የሚናገር ጽሑፍ የላቸውም። ፊርማ ያለውም አይነበብም፤ አንድ ፊደልና ጭረት ነው። መዝገቡ ላይ «ሠዓሊ» የሚለው ቦታ ባዶ ሲሆን ምን ያህል እንደሚከብድ ሳትሞሉት አይገባችሁም። ያን ጊዜ ነው እትዬን መጠየቅ የጀመርነው። መጀመሪያ እግረ መንገዳችንን ነበር፣ ቡና ሲጠጡ። ከዚያ አንድ ወንበር አመጣንላቸውና ሥዕሎቹን አንድ በአንድ ፊታቸው እያቆምን ጠየቅናቸው።

ያኔ ነው የተገረምነው። ሴትየዋ መዝገብ ናቸው። «ይሄ የዚያ የረጅሙ ልጅ ነው፣ ከሞጣ የመጣው፤ ኋላ አስተማሪ ሆነ ብለውኛል።» «ይሄን ደግሞ ሁለት ሆነው ነው የሠሩት፣ ሲጣሉ ሰምቻለሁ፣ ሰማዩን አንደኛው ነው የሠራው።» «ይሄ ዳንግላ ገበያ ነው፣ ልጁ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄደ ይሥል ነበር።» በሦስት ሳምንት ውስጥ ከ97ቱ 41 ሥራዎች ስም ወይም ለስም የሚያደርስ ፍንጭ አገኙ። የምረቃ መጽሔት አውጥተን አመሳከርን፣ ሬጅስትራር ጠየቅን፣ ለተመራቂዎች ደወልን። አንዱ ስልኩን ካነሣ በኋላ ለረጅም ጊዜ አልተናገረም። «ያ ሥዕል አለ?» ነው ያለው በመጨረሻ።

ያ.131 ግን አልተፈታም። ስለ እሱ ትንሽ ልቆይ።

ቁመቱ 90፣ ስፋቱ 60 ሴንቲ ሜትር፣ ዘይት ቀለም በሸራ። አንዲት ሴት እንስራ አዝላ ዳገት ትወጣለች። ጀርባዋ ብቻ ነው የሚታየው። መቀነቷ ጠብቆ ታስሯል፣ የቀሚሷ ጫፍ ረጥቧል፣ ባዶ እግሯን ናት፤ ተረከዟ ላይ ያለው ስንጥቅ በቀጭን ብሩሽ አንድ በአንድ ተሠርቷል። ፊቷን ለማየት ሥዕሉን ዞር ማድረግ ያምራል። ጀርባው ላይ ምንም የለም። እትዬ ሲያዩት ወዲያው ፈገግ አሉ። «ይሄንማ አውቀዋለሁ! የፈረስ ቤት ከተማ ልጅ ናት የሣለችው። ለምርቃቷ እናቷ መጥታ፣ እዚህ አዳራሹ ውስጥ ይሄ ሥዕል ፊት ቆማ አለቀሰች። ጀርባው የእሷ ነዋ። ጀርባዬን አይቼው አላውቅም ነበር አለች።» ስሟንስ? ስንል እትዬ ዝም አሉ። «ስሟ አፌ ላይ ይመጣና ይመለሳል» አሉ። በነጋታውም ጠየቅናቸው። ጳጉሜ ላይ ስንሰነባበትም «አልመጣልኝም ልጄ» አሉኝ፣ እንዳጠፋ ሰው አንገታቸውን ደፍተው።

እሳቸው ያጠፉት ነገር የለም። አንድ ሠራተኛ በወር ደመወዙ ሊሸከመው የማይገባውን ሸክም፣ የአንድ ተቋምን ትዝታ በሙሉ፣ ለብቻቸው ተሸክመው ነው የኖሩት። በታኅሣሥ መጨረሻ ቁልፉን ያስረክባሉ። ቁልፍ ብቻ ከተረከብናቸው ሌላው ሁሉ አብሯቸው ወደ ቤት ይሄዳል።

ርክክብ እኮ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ጎጃም ውስጥ በየደብሩ ቄሰ ገበዝ አለ። ንዋየ ቅድሳቱን፣ መስቀሉን፣ ጽናውን፣ መጻሕፍቱን ቆጥሮ ይረከባል፣ ሲለቅ ቆጥሮ ያስረክባል። የድሮ አባቶች የደብራቸውን ንብረት ዝርዝር በወንጌሉ ባዶ ቅጠሎች ላይ ይጽፉት ነበር፤ ከመጽሐፉ እንዳይለይ፣ ማንም እንዳይደልዘው። መጨረሻው ላይም «ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ውጉዘ ይኩን» ይላሉ፤ የሰረቀውም የፋቀውም የተወገዘ ይሁን ማለት ነው። መፋቅን ከስርቆት እኩል አድርገው ነው ያዩት። ስም ሳይጻፍ ሲቀርም ያው መፋቅ ነው ብዬ አስባለሁ፣ ቀስ ያለ መፋቅ።

ልጅ ሆኜ በትምህርት ቤት ጉዞ ዘጌ፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ሄጃለሁ። የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ሥዕል ነው፤ ጨርቅ ላይ ተሥሎ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ። አንገቴ እስኪያመኝ አየሁት። ናርጋ ሥላሴ ላይ እቴጌ ምንትዋብ በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል፤ ያሠሩት ሰው ስም ከ250 ዓመት በላይ አልፎ እኛ ጋ ደርሷል። የሣሉትን ሰዎችስ ስንቶቻችን በስም እንጠራለን? ያ በዚያ ዘመን ሥርዓት ነው፣ ሠዓሊው ለጽድቅ ነበር የሚሠራው። እኛ ግን ዛሬ ተማሪ ተመዝግቦ፣ መታወቂያ ተሰጥቶት፣ ውጤት ተይዞለት በሚመረቅበት ግቢ ውስጥ ሥራውን ስም አልባ አድርገን ስናስቀምጥ ምክንያት የለንም።

ሕጉም ይሄንኑ ነው የሚለው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራውን የሠራ ሰው ስሙ እንዲጠቀስለት መብት ይሰጠዋል። የኢኮኖሚ መብቱም በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ሸራው የዩኒቨርሲቲው ንብረት መሆኑ ይሄን አይሽረውም። ባለፈው ዓመት ከእነዚህ ሥዕሎች አንዱ ለካላንደር ታትሟል። ስም የለውም። ማንም ሆን ብሎ አላስቀረውም፣ የሚጻፍ ስም ስላልነበረ ነው። ያ ሥዕል እትዬ ካወቋቸው 41 ሥራዎች አንዱ መሆኑን የምነግራችሁ እያዘንኩ ነው። የጠየቃቸው ሰው አልነበረም።

ዩኒቨርሲቲ ስብስብ መያዝ ይችላል፣ ተደርጎም ታይቷል። ስድስት ኪሎ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ያለው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ዛሬ የምናየውን የሆነው፣ ተቋሙ በ1955 ዓ.ም ሳይቋቋም ጀምሮ እንደ ፖላንዳዊው ምሁር ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ ያሉ ሰዎች ቁጭ ብለው ስለሰበሰቡና ስለመዘገቡ ነው። እዚያው ስድስት ኪሎ የገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል አለ። ገብረ ክርስቶስ ሐረር ተወልዶ አሜሪካ ኦክላሆማ ውስጥ በስደት ያረፈ ሠዓሊ ነው። ጀርመን ቀርተው የነበሩ ሥራዎቹ ከዓመታት በኋላ ወደ አገራቸው ተመለሱ። መመለስ የቻሉት ያስቀመጧቸው ሰዎች የማን እንደሆኑ ስለሚያውቁ ነው። እኛ ጋ ቢሆን ኖሮ ለማን ይመለሳሉ? «ሥዕል ባለ ፍሬም» ለሚባል ሰው?

ስለዚህ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። አዲስ ሕንፃ አልጠየቅኩም። ከውጭ የሚመጣ የእርጥበት መቆጣጠሪያ ማሽንም አልጠየቅኩም፣ ቢመጣ ደስ ቢለኝም። አንድ የሥራ መደብ ነው። ከራሳችን ትምህርት ክፍል ወይም ከሥነ ጥበብ የተመረቀ፣ ሥራ ፍለጋ የሚንከራተት ልጅ ሞልቷል። ይህ ሰው ከአሁን እስከ ታኅሣሥ በየቀኑ ጠዋት ከእትዬ ጋር ይቀመጥ፤ ያልተፈቱትን 56 ሥራዎች ያሳያቸው፤ የሚሉትን በድምፅ ይቅረጽ። በየክረምቱም ሦስት ሦስት ተማሪ ይምጣለት። እኛ ከመማሪያ ክፍል ይልቅ እዚያ ነው የተማርነው፣ ይሄን ለመምህሮቼም በአክብሮት ነግሬያቸዋለሁ። ኮርኒሱ ደግሞ ከሰኔ በፊት ይሠራ፤ አናጺዎቹ አይተውት «የሁለት ቀን ሥራ ነው» ብለዋል። የተሰበሩት ወንበሮችና የፎቶ ኮፒ ማሽኑ ከወጡ ለመደርደሪያ የሚሆን በቂ ቦታ አለ፤ ለክተነዋል።

እትዬን ደግሞ በጡረታቸው ቀን በጋቢና በአበባ ብቻ አትሸኟቸው። መዝገቡ ላይ፣ «መረጃውን የሰጠው» የሚል ቦታ አለ፤ በ41 ሥራዎች ላይ የእሳቸውን ሙሉ ስም ጽፈናል። ያንን አትማችሁ ስጧቸው። ማንበብ ይችላሉ፣ መነጽራቸውን ብቻ አስታውሷቸው።

መዝገቡ በሦስት ቅጂ አለ። አንዱ የታተመው በትምህርት ክፍሉ ቢሮ ነው። ሁለተኛው ኤክሴሉ ከነፎቶው በሀርድ ዲስክ መምህሩ ጋ ነው። ሦስተኛው በፍላሽ እትዬ ጋ፣ ከቁልፉ ጋር በነጠላቸው ጫፍ ተቋጥሮ ነው።

ለተመራቂዎች ደግሞ፦ ሥራችሁን ትታችሁ ከሄዳችሁ፣ ጀርባው ላይ ስም ካልጻፋችሁ፣ ወይም «98» ብቻ ብላችሁ ካለፋችሁ፣ ኑና እዩት። መምጣት ካልቻላችሁ ለትምህርት ክፍሉ ጻፉ። ምን እንደሣላችሁ፣ ምን ያህል እንደሚሆን፣ በስንት ዓመተ ምሕረት እንደሆነ፣ የእኛ ይሁን የፈረንጅ። የጓደኛችሁንም ሥራ ካወቃችሁት ንገሩን።

የፈረስ ቤቷ እህቴ፣ ይሄን ካነበብሽው፦ እናትሽ ዳገቱን ስትወጣ የሚያሳየው ሥዕልሽ አለ። ከመሬት ተነሥቷል፣ ላይኛው ርብራብ ላይ ነው፣ ዝናብ አይደርስበትም። ቁጥሩ ያ.131 ነው። እትዬ ከሰኞ እስከ ዓርብ ጠዋት ጠዋት እዚያው አሉ፣ እስከ ታኅሣሥ። ስምሽን ብቻ ንገሪያቸው፣ ሌላውን ሁሉ ያስታውሱታል።

ከአክብሮት ጋር
ክረምቱን ጋለሪው ዕቃ ቤት ከሠራነው ሦስት ተማሪዎች አንዷ